ክዳኑ ምን አጠፋ?

ቦታው ሆለታ ነው፤ ከአምቦ መንገድ ገባ ብሎ በባሕር ዛፍ አጥር የተከለለ ጋራዥ። ተናጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንዷ ከቡራዩ ሆለታ በቪትዝ የምትመላለስ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህርት፣ ሌላው በደርግ ዘመን በሠራዊቱ ትራንስፖርት ክፍል ኡራል ሲጠግኑ የኖሩ መካኒክ። ሰዎቹን የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ። የመኪናዋ ብልሽት ግን በየጋራዡ ያለ ነው።

መምህርት፦ ጋሼ፣ ደህና ዋሉ? ይቺ መኪና ደህና ነበረች እኮ! «የራዲያተር ክዳንሽ አርጅቷል» ሲሉኝ ከሶማሌ ተራ አዲስ ገዝቼ ገጠምኩላት። ይኸው ከዚያ ወዲህ ታፈሳለች። ያልነበረ ጣጣ በገንዘቤ ገዛሁ።

መካኒክ፦ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ቁጭ በይ ቲቸር። አሁን ነው የገባሽው?

መምህርት፦ አዎ፣ ከቡራዩ በቀጥታ።

መካኒክ፦ እንግዲያው ክዳኗን አሁን አንነካም። ኮፈኑን ብቻ ከፍተን እንተዋት፤ ትቀዝቅዝ። እስከዚያ ቡና ይመጣል፣ እኔም እጠይቅሻለሁ። አሮጌው ክዳን እያለ ውሃ ትጨምሪ ነበር?

መምህርት፦ እሱማ የማይጨምር ማን አለ? ከኋላ ወንበር ሥር ሁለት ጠርሙስ ውሃ አይጠፋም።

መካኒክ፦ መሬት ላይስ ጠብታ ታዪ ነበር?

መምህርት፦ ኧረ ምንም። ብቻ አንዳንዴ ከዚህ ወደ መናገሻ ስመለስ፣ ዳገቱ ላይ፣ ያቺ የፕላስቲክ ማጠራቀሚያ ትሞላና ትገነፍላለች። ስትቀዘቅዝ ራዲያተሩ ጎድሎ አገኘዋለሁ። እሞላለሁ፣ እሄዳለሁ።

መካኒክ፦ በየሳምንቱ ውሃ የምትጠጣ፣ ዳገት ላይ የምትገነፍል መኪና «ደህና ነበረች» ትያለሽ?

መምህርት፦ አታፈስም ነበር ማለቴ ነው።

መካኒክ፦ ታፈስ ነበር፤ አንቺ አላየሽም እንጂ። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ትምህርቱ የአንቺ ነውና። ሆለታ ላይ ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?

መምህርት፦ ሆለታ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ናት። አየሩ ሳሳ ስለሚል እዚህ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ለተማሪዎቼ በየዓመቱ የማስተምረው ነው፤ ባቄላ በእኛ አገር ቶሎ የማይበስለው ለዚህ ነው እላቸዋለሁ።

መካኒክ፦ የዚች የመኪናሽ ፋን ደግሞ የሚነሳው 95 ገደማ ላይ ነው።

መምህርት፦ ቆይ… ቆይ ጋሼ። ውሃው ታፍኖ ካልተያዘ፣ ፋኑ ሳይነሳ ይፈላል ማለት ነዋ!

መካኒክ፦ እንዲያ ነው። አየሽ፣ እኔ ይህን ያወቅሁት በቁጥር አይደለም። በሠራዊቱ ሳለሁ አሰብ ላይ ያን ሁሉ ሐሩር ችሎ የወጣ መኪና ደጋ ሲደርስ፣ ብርድ ላይ ሲፈላ አይ ነበር። ሾፌሩ ራዲያተር ያስጠርጋል፣ ፓምፕ ይቀይራል፣ መጨረሻ ላይ ጥፋቱ ከክዳኑ ይገኝ ነበር። ደጋ ላይ ውሃውን ከመፍላት የሚያግደው ክዳኑ ነው። ቆላ ያለ ሰው ያረጀ ክዳን ይዞ ትንሽ ሊከርም ይችላል፤ እኛ ግን አንችልም።

መምህርት፦ አዲሱ ክዳን ላይ ቁጥር ነበረ። 0.9 ይላል።

መካኒክ፦ ጥሩ፣ መደበኛ ክዳን ነው። አንዳንዱ «ከበድ ያለው ይሻላል» ብሎ 1.3 ይገዛል፤ ከዚያ የውሃው ጎማ ያብጣል፣ የራዲያተሩ ፕላስቲክ ይሰነጠቃል። ቁጥሩን አይቶ መግዛት ነው።

(መምህርቷ መሬት ላይ የወደቀ ካርቶን አንስታ በእስክሪብቶ ትጽፋለች። ልማድ ነው፤ አስተማሪ ባዶ ገጽ ሲያይ አያስችለውም።)

መምህርት፦ 0.9 ማለት በአንድ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ላይ 0.9 ኪሎ ግራም ግፊት ነው። ይህም 88 ኪሎ ፓስካል ይሆናል። የሆለታ አየር ራሱ ወደ 76 ይጫናል። ድምሩ 164። በዚህ ግፊት ውሃ የሚፈላው 114 ዲግሪ አካባቢ ነው። አሰብ ቢሆን 101 ሲደመር 88፣ 189፤ እዚያ 118 ይደርሳል። ልዩነቱ ትንሽ ነው። ክዳኑ ከሞተ ግን አሰብ ላይ 100፣ እኛ ጋ 92። ያን ጊዜ ስምንት ዲግሪ ተሸንፈን ነው የምንጀምረው።

መካኒክ፦ ይቺን ካርቶን እዚህ ግድግዳ ላይ እሰቅላታለሁ። ሹፌር ሲጨቃጨቀኝ «አንብብ» እለዋለሁ።

መምህርት፦ ግን ጋሼ፣ ጥያቄዬ አልተመለሰም። ክዳኑ ጥሩ ከሆነ ለምን ማፍሰስ ጀመረች?

መካኒክ፦ ራስሽ መልሰሽዋል እኮ። አሮጌው ክዳን ምንም ግፊት አይዝም ነበር። ጎማውም ፓምፑም ራዲያተሩም የሚጫናቸው ነገር አልነበረም። የተዳከመ ቦታ ቢኖርም ዝም ብሎ ይከርማል፤ ውሃው በሌላ በኩል፣ በማጠራቀሚያዋ በኩል በእንፋሎት እየወጣ ያልቅ ነበር። አዲሱ ክዳን ሲገባ ግፊቱ ተመለሰ። ግፊቱ ሲመለስ ደካማው ቦታ ታወቀ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው፤ ክዳኑን ረግሞ አሮጌውን መልሶ ይገጥምና «ዳነች» ይላል።

(እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። የክዳን ሥራ ማፈን ብቻ አይደለም። ሁለት ቫልቭ አለው። ትልቁ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ከፍቶ ትርፉን ወደ ማጠራቀሚያዋ ይለቃል፤ ከመሐል ያለችው ትንሿ ደግሞ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ተከፍታ የሄደውን ውሃ መልሳ ትስባለች። ትንሿ ከተጣበቀች ማጠራቀሚያዋ ጢም ብላ ራዲያተሩ ባዶ ይሆናል። ማጠራቀሚያዋን ብቻ አይቶ «ሙሉ ነው» ብሎ የሚነዳ ሰው የሚጎዳው በዚህ ነው። ጠዋት ኮፈን ሲከፈት የላይኛው የራዲያተር ጎማ ተመጥጦ ተጣብቆ ከታየም ምክንያቱ ይኸው ቫልቭ ነው።)

መምህርት፦ አንድ ቀን ደግሞ ጌጁን ሳይ ሙቀቱ ወርዶ አየሁ። ደስ ብሎኝ ነዳሁ። ትንሽ ሄጄ ጉልበት አጣች።

መካኒክ፦ ያን ቀን ፈጣሪ ነው ያተረፈሽ። ጌጁ የሚለካው ውሃውን ነው። ውሃው ጎድሎ መለኪያው እንፋሎት ውስጥ ሲቀር መርፌው ሊወርድ ይችላል፤ ሞተሩ ግን እየነደደ ነው። በድንገት የወረደ ጌጅ ከወጣው የበለጠ ያስፈራል። ቁሚ፣ አጥፊ፣ ጠብቂ። ደግሞ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ እንዳትደፊ። ቴስታታው፣ የሞተሩ ራስ፣ አሉሚኒየም ነው፤ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል።

መምህርት፦ አንድ ሹፌር የእንቁላል ነጭ ጨምሪበት ብሎኝ ነበር። ሌላው ደግሞ ቁንዶ በርበሬ።

መካኒክ፦ (ይስቃል) ሁለቱም ይሠራሉ። ችግሩም እሱ ነው። እንቁላሉ ቀዳዳው ጋ ደርሶ ይበስልና ይደፍናል። ግን ቀዳዳውን ብቻ ለይቶ አይደፍንም፤ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦ፣ የማሞቂያውንም ይደፍናል። በረሃ ላይ፣ ሰው በሌለበት፣ ነፍስ ለማውጣት ቢሆን አልቃወምም። በድሮ ጊዜ ከሱሉልታ አልፎ ጎሐ ጽዮን፣ ከዚያ ዓባይ በረሃ ወርዶ ደጀን የሚወጣ የኤንትሬ ጭነት መኪና ሾፌር ያላደረገው ነገር የለም። አንቺ ግን ከቡራዩ ሆለታ ነው የምትመጪው፤ መንገዱ ሁሉ ጋራዥ ነው።

መምህርት፦ ቴርሞስታቱንስ? «አውጥተሽ ጣዪው፣ ሙቀት አይዝም» ያለኝም አለ።

መካኒክ፦ ይህን ምክር የሰጠሽ የሙያ ባልደረባዬ ከሆነ አፈርኩ። ቆላ የተለመደ ነገር ነው፤ ወደ ደጋም አምጥተውታል። ሆለታን አንቺ ታውቂያታለሽ፤ ጥቅምትና ኅዳር ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ይጥላል። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ግማሽ መንገድ በብርድ ይሄዳል፤ ቤንዚን ይበላል፣ ዘይቱ ይቆሽሻል። አንዳንድ ሞተር ደግሞ ጭራሽ ሲወጣበት ይብስበታል፤ ውሃው በአቋራጭ እየዞረ ራዲያተሩ ጋ በቅጡ ሳይደርስ ይመለሳል። በል ልጄ፣ ጨርቅ አምጣ።

(የመጨረሻው ቃል ለመምህርቷ አይደለም፤ ለረዳቱ ነው። ሞተሩ ቀዝቅዟል። መካኒኩ የላይኛውን ጎማ ጨበጥ አድርገው ልል መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ክዳኑን በጨርቅ ይዘው ወደ ግራ ያዞራሉ። የወጣው ውሃ ከመጠራት ይልቅ የሸክላ ቀለም ይዟል።)

መካኒክ፦ ይኸውልሽ የሁለት ጠርሙሱ ፍሬ። ይህ ዝገት ነው። አሁን ቅደም ተከተሉን ልብ በይ። መጀመሪያ የዘይት መለኪያውን እናወጣለን። ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ቡና ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፤ ጣጣው የቴስታታው ማሸጊያ፣ የጋርኒሲዮኑ ነው፣ ሌላ ሥራ ነው። አልመሰለም፣ ተመስገን። ቀጥሎ ክዳኑ ክፍት ሆኖ ሞተሩን እናስነሳለን። አረፋ ሳያቋርጥ ከመጣ አሁንም ጋርኒሲዮን ነው፤ የሲሊንደሩ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው ማለት ነው። ከማርሚታው ነጭ ጭስ የማያቆም ከሆነም እንዲያው።

መምህርት፦ ጠዋት ጠዋት ነጭ ጭስ ታወጣለች።

መካኒክ፦ ጠዋት ማንም ያወጣል፤ ብርድ ነዋ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካላቆመ ነው የሚያሳስበው። አሁን አጥፊ። ይቺን የእጅ ፓምፕ በክዳኑ ቦታ እገጥማታለሁ። 0.9 እስክትደርስ እገፋለሁ። በቃ፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ እጅ ሳይቃጠል ያንኑ ግፊት ሰጠናት። መርፌውን ተመልከቺ።

መምህርት፦ እየወረደች ነው። በጣም በቀስታ።

መካኒክ፦ ታዲያ ከየት ታፈሳለች?

መምህርት፦ መሬቱ ደረቅ ነው…

መካኒክ፦ ብዙ ሰው መሬት አይቶ ነው «አታፈስም» የሚለው። ትንሽ ፍሳሽ በጋለ ብረት ላይ ሲወርድ መሬት ሳይደርስ ይተናል። የሚቀረው ዱካው ነው። ባትሪና መስታወት ስጠኝ ልጄ። ነይ፣ ወደዚህ ጎንበስ በይ። ከቺንጋው ጀርባ፣ ከውሃ ፓምፑ ሆድ ሥር፣ ትንሽ ቀዳዳ ትታይሻለች?

መምህርት፦ አየኋት። ከሥሯ ነጭና ቡናማ ቅርፊት ደርቋል። እርጥብም ናት።

መካኒክ፦ ያቺ ቀዳዳ አብራ የተሠራች ናት፤ የተበሳ ነገር አይደለም። የፓምፑ ማሸጊያ ጎሚኒ ሲያረጅ ውሃው ወደ ኩሽኔታው እንዳይገባ በዚያ በኩል እንዲወጣ ነው። ባለሙያ ነኝ ባይ መጥቶ በማጣበቂያ የሚደፍናት አለ። ከደፈናት ውሃው ኩሽኔታውን ይበላዋል፣ ፓምፑ ይነቃነቃል፣ አንድ ቀን ቺንጋውን ይዞ ይሄዳል። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይሉ የለ? ፓምፑ ይቀየራል።

መምህርት፦ ይቺ የእጅ ፓምፕ ያለችው ሁሉም ጋራዥ ጋ አይደለም። የሌለው ሰው ፍሳሹን በምን ያገኘዋል?

መካኒክ፦ በካርቶን። ማታ ደረቅ ካርቶን ከሞተሩ ሥር ዘርግተሽ የመኪናዋ እግር የቆመበትን ምልክት አድርጊ። ጠዋት ጠብታው የወደቀበት ቦታ ይመራሻል፤ ከፊት ከሆነ ራዲያተር ወይ የታችኛው ጎማ፣ በቺንጋው በኩል ከሆነ ፓምፕ። ካርቶኑ ደርቆ የፊት ምንጣፍ እርጥብ ከሆነና መስታወቱ በቅባት ከታፈነ ግን የማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ነው። ከኤሲ የሚወርድ ውሃ እንዳያሳስትሽ። እሱ ንጹሕ ነው፣ አይሸትም። ኩላንት በጣት ሲነካ ያሟልጫል፣ ሽታው ጣፋጭ ነው። አንቺ ግን ኩላንት ስለሌለሽ ሽታም ቀለምም የለሽም። ተራ ውሃ መጠቀም አንዱ ጉዳቱ ይህ ነው፤ ሲፈስ አይታወቅም።

መምህርት፦ ኩላንት ውድ ነው ጋሼ። ደግሞ እዚህ አገር ውሃ አይበርድ፣ ሞተር አይሰነጠቅ።

መካኒክ፦ ብርዱን ተዪው። የሆለታ ውርጭ ሞተር የሚሰነጥቅ አይደለም። ኩላንቱን የምፈልገው ለዝገቱ ነው። ያየሽው የሸክላ ቀለም የሞተርሽ ብረት ነው። የጉድጓድና የወንዝ ውሃ ሲሆን ደግሞ ጨው አለው፤ ቱቦው ውስጥ ይደርቃል። የፓምፑን ጎሚኒ የበላውም ይኸው ነው። ሲገዛ ግን ቀለሙን ብቻ አትመኚ። አረንጓዴም ቀይም ውሃ ውስጥ ቀለም በመጨመር ይገኛል። መለያው የታሸገው ዕቃ ላይ ያለው ጽሑፍ ነው።

መምህርት፦ በፊዚክሱም ይረዳል። ግማሽ በግማሽ ከተቀላቀለ የመፍያውን ነጥብ ስድስት ሰባት ዲግሪ ከፍ ያደርገዋል።

መካኒክ፦ ይኸው፣ ካርቶኑ ላይ ጨምሪበት።

(ከቡራዩ ወደ ሆለታ የሚወስደው ይህ መንገድ ከውሃና ከእንፋሎት ጋር ያለው ትውውቅ ከቪትዝ ይቀድማል። ምኒልክ ከሆለታ ወዲያ አዲስ ዓለምን ሲቆረቁሩ ከአዲስ አበባ ወደዚያ የተሠራው መንገድ ከአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ነው። በዚያው ዘመን ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ ነጋዴ በእንፋሎት የሚሄድ መኪና አስመጥቶ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ብሎታል። እሱ ውሃውን ማፍላት ሥራው ነበር። የእኛ መኪኖች ሥራ ደግሞ ውሃውን አለማፍላት ነው። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም መንገድ ዳር ጀሪካን ይዞ የሚቆም ሰው አልጠፋም።)

መምህርት፦ ፓምፑን ሲገጥሙ እኔ ማየት ያለብኝ ነገር አለ?

መካኒክ፦ ሁለት። አንደኛ፣ አሮጌው ጋርኒሲዮን ተፍቆ ንጹሕ ብረት እስኪታይ ድረስ አዲሱ አይገባም። ሲልኮን በብዛት የሚቀባ ሰው ካየሽ አስቁሚው፤ ትርፉ ወደ ውስጥ ገብቶ ተበጥሶ ቱቦ ይዘጋል። ሁለተኛው አየር ነው። ውሃ ሲሞላ አየር ውስጥ ይቀራል፤ የታሰረ አየር ካለ አዲስ ፓምፕም ይፈላል። ስለዚህ መኪናዋን አፍንጫዋን ወደ ዳገት አድርገን፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ከፍተን፣ ክዳኑ ክፍት ሆኖ ሞተሩ ይሠራል። ጎማዎቹን በእጅ እየጨመቅን አረፋው እስኪያልቅ እንሞላለን። ከዚያ ክዳኑን ዘግተን ፋኑ ሲነሳ እስክናይ እንጠብቃለን። ይህን ሳይሠራ «ጨርሻለሁ» የሚል ካለ አልጨረሰም።

መምህርት፦ ይህን ሁሉ ሳስብ፣ መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና አይገባም ካለ በኋላ ኤሌክትሪክ መግዛት ይሻላል እላለሁ። እሱ ክዳን የለው፣ ኩላንት የለው።

መካኒክ፦ ማን ነገረሽ? ኮፈኑን ከፍተሽ እዪ። የብዙዎቹ ባትሪና ሞተር የሚቀዘቅዘው በኩላንት ነው፤ ጎማ አላቸው፣ ፓምፕ አላቸው፣ ራዲያተር አላቸው። እንዲያውም እዚያ ሲፈስ ውሃ ጠርሙስ አንሥቶ መጨመር አይቻልም፤ የባትሪውን ኩላንት መለየት ያስፈልጋል። እኔ ሥራ አላጣም። ደግሞ አዲስ አልገባም ሲባል ያሉት ይቆያሉ፤ ይቺ ቪትዝሽ ልጆችሽን ታደርሳለች፣ ከያዝሻት።

መምህርት፦ ልጅ ካሉኝማ አንድ አለኝ። እሺ፣ ኩላንት እንሞላለን፤ የተረፈውን ቤት ወስጄ በሃይላንድ ጠርሙስ ላስቀምጠው?

መካኒክ፦ በፍጹም! ይኸውልሽ፣ ስለ ክዳኑ የነገርኩሽን ሁሉ ብትረሺ ይህን አትርሺ። ኩላንት ጣፋጭ ነው፣ ቀለሙም ጭማቂ ይመስላል። ውስጡ ያለው ኤቲሊን ግላይኮል ግን መርዝ ነው፤ ኩላሊት ይገድላል፣ ትንሽ መጠኑ ሕፃን ይገድላል፣ ውሻም ይገድላል። ከመኪናሽ የሚወጣውንም ውሃ ቢሆን እኔ ቦይ ላይ አልደፋውም፤ ጀሪካን ውስጥ ነው። የተረፈው በራሱ ዕቃ፣ ክዳኑ ጠብቆ፣ ልጅ በማይደርስበት ከፍታ ላይ ይቀመጥ። ቤት ውስጥ አሁን በሃይላንድ ጠርሙስ ያስቀመጥሽው ካለ ዛሬ ማታ ቀይሪው።